ያልነበሩት ሃያ ሱፎች

ላውንደሪ የገባሁ ቀን አለቃችን ጋሽ ተፈራ መጀመሪያ ያስተማሩኝ ኪስ መፈተሽ ነበር። ቀለበት፣ ካርድ፣ ቁልፍ፣ ምንም ይሁን ምን፣ የክፍሉ ቁጥር ተለጥፎበት ወደ ሪሴፕሽን ይወጣል። «የእንግዳ ኪስ ውስጥ የተገኘ ነገር ሁሉ ባለቤት አለው» አሉኝ። አልከበደኝም። ሐይቅ ከተማ ሳድግ አማና፣ የሰው አደራ፣ ከባድ ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

ሆቴሉ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ነው፤ እኛ የምንሠራው ምድር ቤት። አንሶላ ለሁለት ይዘን እናጥፋለን። ሱፍ ግን የእጅ ሥራ ነው፤ እርጥብ ጨርቅ ታለብሺውና ቀስ ብለሽ በካውያ። ከአጣፊነት ወደ ካውያ፣ ከካውያ ወደ ፈረቃ ኃላፊነት አደግሁ።

በሆቴሉ ሁለት ፋጡማ ሰይድ ነበርን፤ እኔና አምስተኛ ፎቅ ክፍል የምታጸዳው የኮምቦልቻ ልጅ። ወሎ ገበያ መሀል ቆሞ «ፋጡማ ሰይድ» ብሎ የተጣራ ሰው ግማሹ ገበያ ይዞርበታል። ሠራተኛው «የታችኛዋ» እና «የላይኛዋ» እያለ ይለየናል። ፋይናንስ ግን አዲሱን ሲስተም ሲያስገባ የአያት ስም አልጠየቀንም።

በዚያ ወር ደመወዝ የገባው ማክሰኞ ማታ ነው። ወደ ቤቴ ወደ አራብሳ በምሄድበት ታክሲ ውስጥ መልእክቱን ከፈትኩ፤ የሁለት ሰው ደመወዝ ነው። የሰው ገመና ያየሁ ይመስል ስልኩን ቶሎ ዘጋሁት።

ጠዋት የላይኛዋ ፋጡማ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት።

«እቴ፣ ደመወዜ አልገባም። አከራዬ እስከ ዓርብ ካልከፈልሽ ዕቃሽን አውጪ ብላኛለች።»

«እኔ ጋ ገብቷል» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ። በይ ስጪኝ።»

ልሰጣት ስል ጋሽ ተፈራ ከለከሉኝ። «በእጅሽ ብትሰጫት ወረቀቱ ላይ ዕዳው እንዳለ ይቀራል። ነገ ካንቺ ይቆርጣሉ። ፋይናንስ ይፍታው።»

ሁለታችንም ወደ ፋይናንስ ወጣን። ሄኖክ የሚባል ጨዋ ልጅ ነው የሚሠራው።

«ሲስተሙ ፋጡማ ሰይድ ተከፍሏታል ይላል» አለ።

«እኛ ሁለት ነን።»

ሄኖክ ተራ በተራ አየን። «እኔማ ይታየኛል። ሲስተሙ ነው የማይታየው።»

«እንግዲያው የእሷን ተቀበለኝ።»

«ያለ ደረሰኝ ገንዘብ አልቀበልም። ማሽኑ ደግሞ ደረሰኝ የሚቆርጠው ለክፍል፣ ለምግብና ለላውንደሪ ነው።» ትንሽ አሰበ። «ላውንደሪ ይሁን።»

«ላውንደሪ እኮ እኔ ነኝ።»

«ዛሬ ደንበኛ ነሽ።»

ገንዘቡን ከኤቲኤም አውጥቼ አመጣሁ። የተሰጠኝ ደረሰኝ ቫትን ጨምሮ «የሃያ ሱፍ እጥበት» ይላል። አስደነገጠኝ። ሄኖክ ግን «ለማሽኑ ያህል ነው። ነገ አስተካክዬ የእሷን አስገባለሁ» አለ። አመንኩት።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ተፈራ ወረቀት ይዘው መጡ። «ትናንት ሃያ ሱፍ ገብቷል ይላል። የት አለ?»

ነገሩን ከላይ እስከ ታች አስረዳኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና መደርደሪያውን መፈተሽ ጀመሩ።

«ጋሼ፣ እንደሌለ እያወቁ ይፈልጋሉ?»

«ፈልገን አጣን ለማለት መፈለግ አለብን።»

እኔም ማድረቂያውን ከፍቼ አየሁ። ወዲያው ሪሴፕሽን ደወለ፤ ደንበኛዋ ልብሷን አልተረከበችም፣ ካልተገኘ ዋጋው ከፈረቃ ኃላፊዋ ይቆረጣል አሉን። ደንበኛዋ እኔ፤ የፈረቃ ኃላፊዋም እኔ። የባሰው ደግሞ፣ ጉዳዩ እስኪጣራ በፋጡማ ሰይድ ስም የሚወጣ ክፍያ ሁሉ ታገደ።

ከላይኛዋ ፋጡማ ጋር ወደ ፋይናንስ ተመልሰን ወጣን። ሄኖክ ፎርም ገፋልኝ። «ቀላል ነው። ሃያውንም ሱፍ ተረክቤአለሁ ብለሽ ፈርሚ።»

«አልተረከብኩም።»

«ሱፉ እኮ የለም፤ ማንን ትጎጂያለሽ?»

የላይኛዋ ፋጡማ ክንዴን ያዘችኝ። «እቴ፣ ፈርሚ በናትሽ። ነገ ዓርብ ነው። ካልሆነ እኔ ልፈርም፤ ስሙ የእኔም ነው።»

እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር። አንዲት ፊርማ ብቻ ናት፤ ልጅቷ ደግሞ ዕቃዋ ሊወጣ ነው። ግን ከውሸት ላይ የሚከፈል ኪራይ ለእሷም አይበጃትም ብዬ አሰብኩ። ለእሷ ይህን ለማለት አልደፈርኩም። ሄኖክን ጠየቅሁት።

«ደንበኛዋ ቅሬታ የለኝም ብትል ጉዳዩ ይዘጋል?»

«ይዘጋል።»

በፎርሙ ጀርባ ጻፍኩ፦ «እኔ ፋጡማ ሰይድ ሙሔ በዚህ ሆቴል ምንም ሱፍ የለኝም። የምጠይቀውም ሱፍ የለም። የከፈልኩት ገንዘብ በስህተት የገባልኝ የሥራ ባልደረባዬ ደመወዝ ነው።»

ሄኖክ ሁለት ጊዜ አነበበው። «መጨረሻ ላይ ያለው ባይጻፍ ይቀል ነበር።»

«እሱን ነው ከትናንት ጀምሮ የምነግርህ።»

ሳቀ፤ ማኅተሙንም መታበት። የላይኛዋ ፋጡማ ደመወዝ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ገባላት። አከራይዋ ጋ ሄዳ ከፈለች። እኔን ግን ለአንድ ሳምንት ያህል አኩርፋኝ ነበር፤ አልፈረድኩባትም።

ፈረቃዬ ላይ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ከኪስ ፍተሻው ቀጥዬ ይህን እነግረዋለሁ፦ ትርፍ ደመወዝ ከገባልህ አትንካው። በዚያው ቀን በጽሑፍ አሳውቅ። ስትመልስም ደረሰኙ ላይ የተጻፈውን ሳታነብ፣ ስህተት ከሆነም ሳታስቀይር፣ ገንዘቡን አትልቀቅ።