አቤት የማይሉት ሹሩባ ሠሪ

እትዬ ውዴ ሰው ሲጠራቸው «አቤት» አይሉም። መጀመሪያ ያስተዋልኩት ይህን ነበር። እንጅባራ፣ ከገበያው ጀርባ ካለችው ቤታቸው ደጃፍ ቆሜ ሁለት ጊዜ ተጣራሁ። ዝም። ጆሮ የከበዳቸው መስሎኝ በሦስተኛው ጮኽኩ። መጋረጃው ተገለጠና ማበጠሪያቸውን እንደያዙ ወጥተው ትከሻዬን በአንድ ጣት ነካ አደረጉኝ።

«ሰማሁህኮ! ሰፈሩን ልታስነሳብኝ ነው?»

አምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ከአሥራ አራት ዓመታቸው ጀምሮ የሰው ጸጉር ሲሠሩ ኖረዋል፤ ከጎረቤት ከተሞች ከግምጃ ቤትም ከአዲስ ቅዳምም ሙሽራ ይመጣላቸዋል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ አንድ ልጃቸውን ፀደይን ያሳደጉት በዚያች ማበጠሪያ ነው። ፀደይ እንደ እናቷ አይደለችም፤ ለጠራት ሁሉ «አቤት» ትላለች። ትምህርት ቤት ዝም ስትል እየተገረፈች ለምዳዋለች።

የሙሽራ ጸጉር እንዲሠሩላቸው እሳቸውን እንድጠራ የላኩኝ የፊልም ሰዎች ናቸው። ስለ አንድ ደጃዝማችና ስለ ሙሽራይቱ የፍቅር ታሪክ ጥርባ ሐይቅ ዳር ይቀርጹ ነበር፤ እኔ የተዋንያኑን ንግግር እንድጽፍና እንዳቃና ተቀጥሬያለሁ። ፈረሰኞቹ ነጭ በነጭ ለብሰው በሐይቁ ዳር ሲመጡ ሳይ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ውሃው ራሱ የተነሣ መሰለኝ።

ዳይሬክተሩ ይሄይስ ለሙሽራዋ ሚዜነት ስድስት ልጃገረድ ለመምረጥ ግማሽ ቀን ፈጅቷል። ፀደይ የእናቷን የቅቤ ጣሳ ይዛ ስትመጣ ግን አንዴ ብቻ አየት አደረጋት።

«ይቺውና! አገልጋይዋ ተገኘች!»

ፀደይ በደስታ ዘለለች። የእናቷ ማበጠሪያ የሙሽራዋ ጸጉር ውስጥ ቆመ።

የአገልጋይዋ ትዕይንት አጭር ነው። ደጃዝማቹ ይጠራታል፤ እሷ ፈገግ ብላ «አቤት ጌታዬ! እንደ ልጅዎ አሳድገውኝ ምን ጎድሎኝ!» ትላለች። ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወድጄውም ነበር።

በምሳ ሰዓት እትዬ ውዴ መጥተው አጠገቤ ሣሩ ላይ ተቀመጡ።

«ንግግሩን የሚጽፈው ገጣሚ አንተ ነህ አሉኝ።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ስማ። ቅድመ አያቴ በልጅነቷ ከወደ ቆላው ተነጥቃ የመጣች ናት። ባርያ ናት። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ፊት ለፊት የሚናገር የለም። ጌትየው ያወጡላት ስም አይከፋሽም ነው። ያን ጊዜ ስም ብቻ አይደለም የሚያወጡልህ፣ መልሱንም ጭምር ነው። ‹አይከፋሽም!› ሲሏት ‹ጌታዬ እያሉ!› ትላለች። ስትፈጭ ትላለች። ስትታመም ትላለች። የበኩር ልጇን ለሌላ ቤት በስጦታ የሰጡባት ቀንም ጠርተዋታል።»

«መለሰች?»

«ምን ታድርግ? መለሰች። ነጻ ናችሁ የተባለ ጊዜ ግን ለማንም መመለስ ተወች። የፈለገኝ መጥቶ ይንካኝ አለች። እናቴም እንዲሁ፣ እኔም እንዲሁ። እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያውቅ የለም።»

በልጅነቴ ዳንግላ ቪዲዮ ቤት ተቀምጬ ያየኋቸው የታሪክ ፊልሞች አንድ በአንድ መጡብኝ። ካባው፣ ፈረሱ፣ ያ ሁሉ ብርሌ። ስንት ጊዜ አልቅሼባቸዋለሁ! ጠጁን ማን ጠመቀው? ውሃውን ማን ቀዳው? ካሜራው ጠጁን የሚቀዳውን እጅ ያሳያል፤ ወደ ፊቱ ሳይወጣ ይመለሳል። ያን ሁሉ ዓመት እጅ ብቻ ሳይ ኖሬ ፊቱ የት ነው ብዬ አለመጠየቄ አቃጠለኝ። ይባስ ብዬ እኔ ለእጁ ፈገግታ ጻፍኩለት።

«ልጄ እዚያ የምትቆም ከሆነ እውነቱን ትበል» አሉ እትዬ ውዴ። «አይከፋሽም ብሎ ይጥራት፤ መልሱን ትስጥ። ሳትስቅ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ሄጄ ለይሄይስ ነገርኩት። ሳቀ።

«አንተ ግጥምህን ጻፍ! ሰው ሊኮራ እንጂ ሊያፍር አይመጣም። ደግሞ የእኛ እንደ ፈረንጆቹ አልነበረም፤ ቤተሰብ ማለት ነበሩ።»

እትዬ ውዴ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል። «ልጇን በስጦታ የሚሰጥባት ቤተሰብ?» አሉት።

«አንቺ ሹሩባሽን ሥሪ!»

አንቺ አላቸው። የእናቱን እኩያ።

ቀረጻው ተጀመረ። ደጃዝማቹ በተጻፈለት ስም ተጣራ። ፀደይ እናቷን አየች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ እሱ መለሰች።

«ጌታዬ እያሉ!»

አልሳቀችም። ከፈረሰኞቹ አንዱ፣ አያ ኪዳኑ የሚባሉ ሽማግሌ፣ ቀስ ብለው ከፈረሳቸው ወረዱና አንገታቸውን ደፉ። መልሱን ከዚህ በፊት የሰሙት ይመስላሉ።

«ካት! አውጧት!» አለ ይሄይስ።

ቀጥሎ የሆነውን ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር። ከሚዜዎቹ አንዷን፣ ዮዲት የምትባል ቀይ ልጅ፣ ጎትተው አመጡ። ምሳ ከበሰለበት ከሰል ወስደው ፈጩ። በቅቤ ለወሱት። ቅቤው የእትዬ ውዴ ነው፤ ከጣሳቸው ነው የወሰዱት። የልጅቱን ፊት፣ አንገት፣ ክንድ ቀቡት። ፀደይን አባርረው መልኳን አስቀሩ! ዮዲት ዓይኗን ጨፍና ቆማለች፤ የሚቀባት ሰው እያፏጨ ነው።

«ውዴ! ነይ የዚችን ጸጉር ሥሪ!» ይሄይስ ነው።

እትዬ ውዴ ማበጠሪያቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ። ጣሳውን አነሱና ውስጡን አዩት፤ ከሰል ገብቶበታል። ሣሩ ላይ ደፍተው ባዶውን ለፀደይ ሰጧት። ሮጬ ደረስኩባቸው።

«እትዬ፣ እኔ እጽፈዋለሁ። የቅድመ አያትዎን ስም እጽፈዋለሁ።»

«የትኛውን?» አሉኝ። «የራሷን አታውቀው። እኔም አላውቀው። ያለን እነሱ ያወጡላት ነው።»

ወደ አስፋልቱ የሚያወጣውን ዳገት ጀመሩ። ከበስተኋላዬ ይሄይስ በድምፅ ማጉያ ይጣራል፤ «ውዴ!» ይላል፣ ቀጥሎ «ፀደይ! አንቺ ፀደይ!» እናትና ልጅ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ለጠራት ሁሉ አቤት የምትለው ልጅ፣ ያን ቀን እሷም አቤት አላለችም።