ሚኒስትሩ ይሠራል ያሉት ስልክ

ሳኒ መጠየቅ ይወድ ነበር። ጨው ሊገዛ የመጣውን ሰው ከየት እንደመጣ፣ መንገዱ እንዴት እንደሆነ፣ ባሮ ከላይ በኩል ሞልቶ እንደሆነ፣ የአጎቱ ላም ወልዳ እንደሆነ ይጠይቀዋል። ሰውየው መልሶ ሳይጨርስ ጨዉ ተመዝኖ ተጠቅልሏል፤ ሌላ ጥያቄም ተጀምሯል። ሱቁ ጋምቤላ ከወንዙ ዳር፣ ከማንጎ ዛፎች ሥር ነበር። በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ለአንድ ዓመት ላስተምር እዚያ በደረስሁ ዕለት ሳሙና ልገዛ ገብቼ፣ የሳሙናውን ዋጋ ሳላውቅ የአያቴን ስም ነግሬው ወጣሁ።

የተወለደው አጋሮ ነው። በወጣትነቱ የአንድ ቡና ነጋዴ ረዳት ሆኖ ወደ ቆላው ወረደ። በዚያን ጊዜ ክረምት ሲገባ ከሱዳን ባሮን ሽቅብ እየቀዘፉ የሚመጡ መርከቦች ነበሩና ቡናው የሚጫነው በነሱ ነበር። ነጋዴው ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ሳኒ ቀረ። ለምን እንደቀረ ብጠይቀው፣ «ወንዙን አየሁትና ይሄ ሁሉ ውሃ የት ይሄዳል አልኩ» አለኝ። «ሁሉም ሰው የተለያየ መልስ ሰጠኝ። ትክክለኛውን ሳልሰማ እንዴት ልሂድ?»

ሚስቱን ከይሪያን ያመጣት ከአጋሮ ነው። ከይሪያ አትጠይቅም፤ ታያለች። ሚዛን ሲያጋድል፣ ደንበኛ ሲዋሽ፣ ሰማይ ሲከብድ አይታ ታውቃለች። አኙዋክኛ እንኳ ከባሏ አስበልጣ ትናገር ነበር፤ እሱ ሲጠይቅ እሷ ታዳምጥ ነበርና።

ሳኒ ከሁሉ የሚወደው ግን ምክር ቤቱን ነበር። አዲስ አበባን አይቶ አያውቅም። በላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ በጥልፍ ጨርቅ የተሸፈነች የባትሪ ሬዲዮ ነበረችው። አመሻሽ ላይ ስለ ምክር ቤት ውሎ ሲነገር ሱቁ ዝም ይላል። አንድ የሕዝብ እንደራሴ ከወንበሩ ተነስቶ አንድን ሚኒስትር «ለምን?» ይላል፤ ሚኒስትሩም ተነስቶ ይመልሳል። ሳኒ ይህን ሲሰማ፣ እኔ ጨረቃ ከባሮ ማዶ ስትወጣ ሳይ የምሆነውን ይሆን ነበር። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩ ይገርመዋል፤ ተጠያቂ ቆሞ የሚመልስበት ቤት።

በስልሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት መጋቢት ላይ በከይሪያ ሆድ ውስጥ እብጠት ተገኘ። ክሊኒኩ ያለው ድሬሰር ዳብሶ፣ «ይሄ በቢላዋ ነው፤ ጅማ ትሂድ» አለ። ወንድሟ ዓሊ ጅማ ነጋዴ ነው፤ መጥቶ በጭነት መኪና ወሰዳት። ሳኒ ሱቁን እየጠበቀ ሊቆይ፣ እሷ ደግሞ ቀዶ ጥገናው እንዳለቀ ከጅማ ስልክ ቤት ልትደውልለት ተስማሙ። መኪናው ሲነሳ ሳኒ አብሮ እየሮጠ ሦስት አራት ጥያቄ ጠየቃት። አቧራው መለሰለት።

ስልኩ በዚያው ሰሞን ሞተ። ወደ ጎሬ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከቡሬ ዳገት በታች ያሉት ምሰሶዎች ለዝሆን ጀርባ ማከኪያ ይመቻሉ፤ ዝሆን የተወውን ምስጥ ይጨርሰዋል። ቴሌግራሙም የሚሄደው በዚያው ሽቦ ነበር። የስልክ ቤቱ ሹም ወንዳፍራሽ የጎንደር ሰው ነው። ሳኒ በመጣ ቁጥር ወንበር ይስብለታል።

«ዛሬስ?» ይላል ሳኒ።

«ሞቷል፣ አቶ ሳኒ። ሠልስቱም ወጥቷል።»

ሳኒ ያን ጊዜ እንደራሴው ትዝ አሉት። ፊታውራሪ ዘውዱ ለምክር ቤት ከተመረጡ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ወንበራቸው እንጂ ድምፃቸው በአዳራሹ አይታወቅም ይባል ነበር። ሳኒ አቤቱታውን በጭነት መኪናው ሾፌር ላከላቸው። ፊታውራሪ ደስ አላቸው። ጥያቄው አጭር ነው፤ መሬት አይነካ፣ ግብር አይነካ። ሾፌሩ ሲመለስ መልእክት ይዞ መጣ፦ ግንቦት መጨረሻ፣ ሐሙስ ቀን ሚኒስትሩ ቀርበው ይመልሳሉ፤ ማታ በሬዲዮ ይሰማል።

ሾፌሩ ይህን ተናግሮ ሻዩን ጠጣና፣ «እኔ ደግሞ በዚያው ሐሙስ ጠዋት እወጣለሁ» አለ። «ዝናቡን እያየኸው ነው። ከዚያ ወዲያ እስከ ጥቅምት መንገድ የለም። ጅማ አደርስሃለሁ፤ ትሳፈራለህ?»

ሳኒ ቀኑን ሙሉ አሰበ። እኔ ሱቁ በር ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ሲያስብ ሚዛኑን በባዶው ከፍ ዝቅ ያደርገዋል።

«ጥያቄው የኔ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሚኒስትር የሚያህል ሰው ሊመልስልኝ ቆሞ፣ እኔ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ጭቃ ልግፋ? ደግሞ መልሱ ከመጣ ስልኩ ይጠገናል፤ ስልኩ ከተጠገነ ከይሪያን ከመኪናው ቀድሜ አገኛታለሁ።»

«መኪናው ይኸው ቆሟል» አለ ሾፌሩ። «ስልኩን እስቲ አሳየኝ።»

ሐሙስ ጠዋት መኪናው ሄደ። ማታ ሱቁ በሰው ሞላ። ወንዳፍራሽ ኮቱን ለብሶ መጣ። የሳኒ ጎረቤት፣ የአኙዋኩ ሽማግሌ ኦባንግ፣ ፒፓውን ይዞ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። የፊታውራሪ ጥያቄ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ተሰማ፦ «በጋምቤላ አውራጃ የሚገኘው ሕዝብ ስልክ የማያገኘው ለምንድን ነው?» የከተማችን ስም ከዚያ ጥቁር ሳጥን ሲወጣ ፀጉሬ ቆመ። ሳኒ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቀጥሎ ሚኒስትሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ክቡር አፈ ጉባኤ» አሉ።

በዚያች ቅጽበት የሱዳን ሬዲዮ ገባ። ዑድ፣ ከበሮ፣ አንድ በፍቅር የተቃጠለ ሰው። ሳኒ ቁልፉን ቢያዞር ሰውየው ይበልጥ ተቃጠለ። ዘፈኑ ሲያበቃ ሚኒስትሩም አብቅተው ኖሮ፣ የተሰማው ጭብጨባ ብቻ ነው።

«አጨበጨቡ» አለ ሳኒ። «እንግዲያው መልሱ ጥሩ ነው ማለት ነው።»

ኦባንግ ጭሱን ቡን አደረገ። «ረጅም ዘፈን ነበር» አለ። «ሰውየውም ረጅም ተናገረ። ስልክ ቢኖር፣ ‹አለ› ብሎ ይቀመጣል። የሌለ ነገር ነው ብዙ ወሬ የሚፈልግ።»

ዝናቡ ሌሊትና ቀን ይወርድ ጀመር። መንገዱ ተቆረጠ፤ ደብዳቤዎች ጎሬ ላይ ተከማቹ። እኔም መንገድ አጥቼ እዚያው ከረምሁ። ሐምሌ ላይ ለግዛቱ ጉዳይ የመጣች አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ጭቃ ላይ እየተንሸራተተች አርፋ፣ አንድ እስር ጋዜጣ ጥላ ተመለሰች። ወንዳፍራሽ አንብቦ ለሳኒ አሳየው። ሚኒስትሩ እንዲህ ብለው ነበር፦ በተደረገው ማጣራት የጋምቤላ ስልክ በመልካም ሁኔታ እየሠራ መሆኑ ታውቋል፤ ከጋምቤላ በስልክ የቀረበ አንድም አቤቱታ የለም፤ ዝሆንን የሚመለከተው ነገር የሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው።

ሦስት ጊዜ አነበብሁት። በስልክ የቀረበ አቤቱታ የለም። ዩኒቨርሲቲ አመክንዮ ተምሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ፍጹም ነገር ግን አላጋጠመኝም።

በማግስቱ ሳኒ ስልክ ቤት ሄደ። ወንዳፍራሽ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል።

«ዛሬስ?» አለ ሳኒ።

«ሥራ ላይ ነው።»

«አቶ ወንዳፍራሽ፣ ትናንትና ሞቷል ብለኸኝ አልነበር?»

«ያን ስልህ መልሱን ገና አላነበብሁም ነበር።»

«እሺ፣ ከይሪያን አገናኘኛ።»

«አዙር» አለ ወንዳፍራሽ መዘውሩን እያሳየ። «ማዞር አልተከለከለም።»

ጎሬ ላይ ምሰሶና ሽቦ ይዘው መንገድ ሲደርቅ የሚወርዱ ጠጋኞች ተዘጋጅተው ነበር። እነሱም፣ በኋላ እንደሰማነው፣ ወደ ሌላ ቦታ ተላኩ፤ ለሚሠራ ስልክ ጠጋኝ አይላክም። ወንዳፍራሽ ብልሽት አለ ብሎ ሪፖርት ቢያደርግ ሚኒስትሩን ውሸታም ማለቱ ነው፤ ስድስት ልጆች አሉት። ሳኒ ጠዋት ሱቁን ይከፍታል፤ ከሰዓት በኋላ ስልክ ቤት ተቀምጦ መዘውሩን ያዞራል። ሚስቱ ትሙት ትዳን አያውቅም። ደንበኞቹን መጠየቅ ተወ። ሰው ጨው ገዝቶ በዝምታ ይወጣል፤ ሱቁ ገበያ የተበተነበት ሜዳ ያህል ይከብድ ነበር።

ጥቅምት ላይ መንገዱ ተከፈተ። የመጀመሪያዋ መኪና ስትገባ፣ ስትመለስ ልሳፈርባት ዕቃዬን ሸክፌ ሱቁ ጋ ቆሜ ነበር። ከይሪያ ከጋቢናው ወረደች። ከስታለች፤ ግን ቀጥ ብላ ቆማለች። ሳኒ የጨርቅ መለኪያውን እንደያዘ ሮጠ።

«ከይሪያ፣ ደህና ነሽ? ዳንሽ? ቁስሉ ደረቀ?»

ከይሪያ ፊቷን አዞረችና ወደ ኦባንግ ግቢ ገባች። ከኋላዋ የወረደው ዓሊ ነው የመለሰው። «ሽማግሌ ይቀመጥ። እህቴን ትፈታታለህ።»

ማንጎው ሥር ተቀመጥን። ኦባንግ ከሁለቱም ወገን ስላልሆነ ሁለቱም እሱን መረጡ። ከይሪያ ነጠላዋን አጥብቃ ተናገረች፦ ከሐኪም ቤት እንደወጣች ጅማ ስልክ ቤት ሄደች። ደጋግማ ሄደች። በመጨረሻ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ሰለቻትና፣ «እትዬ፣ የጋምቤላ ስልክ ይሠራል፤ በምክር ቤት ተመልሷል። የማያነሳው ሰውየው ነው» አለቻት።

«ነጋዴዎቹም ‹ሌላ አግብቶ ይሆናላ› አሉኝ» አለች። «አላመንኩም። ግን ሚኒስትር ይዋሻል ማለትም ከበደኝ።»

«ወላሂ» አለ ሳኒ። «ወላሂ ስልኩ ሙት ነው። ወንዳፍራሽ ይመስክር።»

ወንዳፍራሽ ተጠራ። ኦባንግ ጠየቀው።

«ስልክ ይሠራል?»

«ሥራ ላይ ነው።»

«ሰው ያናግራል?»

«እሱ በምክር ቤት አልተጠየቀም።»

«ሰማችሁ» አለ ዓሊ ተነስቶ። ሳኒ ፊቱ አመድ መሰለ። ለአንዲት ጥያቄ ብሎ መኪና ያሳለፈ ሰው፣ አሁን በዚያችው ጥያቄ መልስ ሚስቱን ሊያጣ ነው።

ኦባንግ አልተነሳም። «በኛ ዘንድ ሰው በድንበር ሲጣላ ሽማግሌ ቤት አይቀመጥም» አለ። «ድንበሩ ላይ ሄዶ ይቆማል። ጠባችሁ በስልክ ነው። ሂዱ፣ ስልኩ ላይ እንቁም።»

ኦባንግ፣ ወንዳፍራሽ፣ ባልና ሚስቱ፣ ዓሊ፣ እኔም ከነሻንጣዬ በዚያች ጠባብ ቤት ታጨቅን። ሳኒ መዘውሩን አዞረ። ከይሪያ እጀታውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ለረጅም ጊዜ አዳመጠች። ከዚያ ለወንድሟ አቀበለችው።

«እንካ፣ ሚኒስትሩ ይፈልጉሃል።»

ዓሊ ሰማ፤ እንደ ባዶ ቅል ነው። ግን ቶሎ የሚረታ ሰው አይደለም። «ዛሬ ሙት ነው እንበል» አለ። «ክረምቱን ሙሉ ሙት እንደነበር በምን አውቃለሁ? እሱስ እዚህ ዝር ብሎ እንደሆነ?»

ሁላችንም ወንዳፍራሽን አየነው። ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። የላይኛውን ቁልፍ ፈታ።

«ስለ ስልኩ አልናገርም» አለ። «ስለ አቶ ሳኒ ግን ማንም ሚኒስትር መልስ አልሰጠም። ስለዚህ መመስከር እችላለሁ። ክረምቱን ሙሉ እዚህ ወንበር ላይ ነበር። ወንዙ ሞልቶ ውሃ በበሩ ሲገባ እግሩን አንስቶ ያዞር ነበር። አንድ ቀን ወባ ይዞት፣ ሂድ ተኛ ብለው፣ ‹እሷ በዚያ በኩል እያዞረች እንደሆነስ?› አለኝ።»

ከይሪያ ሳኒን አየችው። እሷ ስታይ እንዴት እንደምታይ ነግሬያችኋለሁ።

ኦባንግ ፈረደ። «ሳኒ አልከዳም። ሞኝ ነው። በሞኝነት ፍቺ ቢኖር ጋምቤላ ባል ያላት ሴት አይገኝም።»

«አንድ ነገር ይቀራል» አለች ከይሪያ። «የግንቦቱ መኪና ሲወጣ የት ነበርክ?»

ሳኒ መሬት መሬት አየ። «መልስ እየጠበቅሁ።»

«መልሱ ጅማ አልጋ ላይ ተኝቶ ነበር።»

ዓሊ እንኳ ወደ ውጭ አየ። ከይሪያ ወጣችና ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች። ሳኒ ጓዟን ተሸክሞ፣ ሊናገር አፉን እየከፈተና እየዘጋ ከኋላ ተከተላት። እኔም ሻንጣዬን ይዤ ወደ መኪናዋ በዚያው ሄድሁ። ማንጎዎቹ ጋ ስትደርስ፣ ሳትዞር፣ እሷው ጀመረች።

«ሐኪሙ እንዳንተ ነው፤ ብዙ ይጠይቃል» አለች። «ግን መልስ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ከፍቶ አየ።»