በቀቀኑ ብቻውን አልበላም አለ

ለወፍ ጎመን መርጠሽ ትገዣለሽ ብባል ኖሮ ድሮ እስቅ ነበር። ዛሬ እንጅባራ ገበያ ያሉ ጎመን ሻጮች ሁሉ ያውቁኛል። ቅጠሉን አንድ በአንድ ገልብጬ ስለማይ ከሩቅ ሲያዩኝ «ደሞ መጣች» ይባባላሉ። ይበሉ፤ ግድ የለኝም።

በቀቀኑን ያመጣችልኝ ታናሽ እህቴ ናት። ግራጫ ነው፣ ጭራው ቀይ። አዲስ አበባ ያከራያት ሰውዬ ጩኸቱ ቢመረው «ወይ ወፉ ይውጣ፣ ወይ አንቺ ውጪ» አላት፤ እሷም ከነሽቦ ቤቱና ከአንድ ከረጢት የሱፍ ፍሬ ጋር አምጥታ ሳሎኔ ውስጥ አስቀመጠችው። ልጆቼ ተምረው ከወጡ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎብኝ ነበር። ጠዋት ሲያፏጭልኝ፣ ከቢሮ ስመለስ ሽቦውን በመንቁሩ እየቧጠጠ ሲቀበለኝ፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ልቤን ወሰደው። ሱፉን በጨረሰ ቁጥር እጨምርለታለሁ፤ የሚበላ እንስሳ ጤነኛ ነው ብዬ።

ከዚያ የደረቱን ላባ ይነቅል ጀመር። ትንሽ ሲንቀሳቀስ ያለከልካል። የእንስሳት ሐኪም አመጣሁ፤ ዕድሜውን በሬና ፈረስ ሲያክም የኖረ ነው።

«እውነቱን ልንገርዎት፣ በቀቀን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው» አለና አዲስ አበባ ላለ የሙያ ባልንጀራው ደውሎ ረጅም ጊዜ አወራ። ስልኩን ሲዘጋ ወፉን በፎጣ ጠቅልሎ የቅመም ሚዛኔ ላይ አስቀመጠው። «ስብ ነው የጎዳው። ሱፉን ቀስ በቀስ ይቀንሱ። ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ የበቀለ እህል ይስጡት። አቮካዶ ለሱ መርዝ ነው፤ ጨውና ቡናም አጠገቡ እንዳይደርስ። ለምለም ነገር ካልለመደ ግን ክረምቱን አይወጣም።»

እኔ እልኸኛ ሰው ነኝ። በማግስቱ ጥሊሊ ድረስ በሚኒባስ ሄጄ ከነቅጠሉ የተነቀለ ካሮት አመጣሁ። ጎመኑን አጥቤ ከተፍሁ፣ ዱባውን በእንፋሎት አበሰልሁ፣ ቀይ ሥሩን ደቃቅ አድርጌ ቆረጥሁ፣ ቃሪያውን ከነፍሬው ሰነጠቅሁ፤ ለካ ወፍን ቃሪያ አያቃጥለውም። ስንዴም ነክሬ ለጠላ ብቅል እንደሚደረገው በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ ምድጃው አጠገብ አስቀመጥሁት፣ በኛ ብርድ እንዳይዘገይ። ነጩ ጎንቆል ብቅ ሲል እንደ ልጅ ዘለልሁ። ሳህኑ አረንጓዴ፣ ብርቱካንማ፣ ቀይ ሆኖ ሲሞላ ቀለሙ ራሱ ያስጎመጅ ነበር።

እሱ ግን አልነካውም። እኛ ዘንድ እንግዳ ሲበላ የቤቱ ባለቤት ቆሞ ነው የሚያስተናግደው። እኔም እንዳደግሁበት ሳህኑን አቀርብና ፊቱ ቆሜ «በሞቴ፣ ትንሽ ቅመስ» እለዋለሁ። እሱ አንገቱን አዙሮ የሱፉን ከረጢት ያያል። አንድ ቀን እንዲህ፣ ሦስት ቀን እንዲህ። በአምስተኛው ቀን ሳህኑን ገልብጦ ቀይ ሥሩን መጋረጃዬ ላይ ረጨው። «ሙት እንግዲህ» አልሁትና ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስሁ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ጎረቤቴ መጡ። ብቅል እያዘጋጁ በመሸጥ ልጆች ያሳደጉ፣ ከአማርኛ ይልቅ አዊኛ የሚቀናቸው አዛውንት ናቸው፤ እማማ እላቸዋለሁ። ብቅል ማብቀሌ በሰፈሩ ተወርቶ ኖሮ ገና ከበሩ «ማንን ልትድሪ ነው ሳትነግሪኝ?» አሉኝ። ድግስ የደበቅኋቸው መስሏቸው ተቀይመዋል። ለወፍ መሆኑን ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ሳህኑን አዩ፣ ወፉን አዩ፣ እኔን አዩ።

«አንቺስ በልተሻል?»

«ቆሜ ቀማምሻለሁ። ለራሴ ብቻ ብዬ ምን ገበታ እዘረጋለሁ?»

«እሱስ ታዲያ ምን ብሎ ይብላ? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል። ተቀመጪ።»

በርጩማ ስበው ሽቦ ቤቱ ሥር ተቀመጡና ሳህኑን ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ከብቅሉ ቆንጠር አድርገው ቀመሱ፤ ለእኔም አጎረሱኝ። ጥሬ ብቅል ምግብ ነው ብዬ አልዋሽም፤ ትንሽ ጣፈጥ ይላል፣ ይኸው ነው። ካሮቱን ስንቆረጥም ወፉ ከመቆሚያ እንጨቱ ወረደ። አንገቱን አርዝሞ አፋችንን አየ። ተጠጋ። አንድ ቁራጭ ዘረጋሁለት፤ በእግሩ ተቀበለኝ፣ አገላበጠው፣ ነከሰው። ደግሞ ነከሰው። ልጮኽ ስል እማማ ጭኔን ቆነጠጡኝ፤ «ዝም በይ፣ ታስደነግጪዋለሽ።» አፌን በነጠላዬ ይዤ ደስታዬን ዋጥሁት።

ከዚያ ወዲህ ምሳዬን ቢሮ አልበላም። ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን ባጃጅ ይዤ ወደ ቤት እበርራለሁ፤ እኔ ካልተቀመጥሁ አይነካማ። የሱን ስከትፍ የራሴንም እሠራለሁ፦ እሱ ጥሬውን፣ እኔ በዘይትና በሽንኩርት። ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነገ ምን ላቅርብለት እያልሁ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እማማም ይመጣሉ። ሱፉ አሁን እንደ ከረሜላ ጥቂት ፍሬ ብቻ ሆኗል።

ክረምቱ ሲወጣ ሐኪሙ ተመልሶ መጣ። ወፉን ሚዛኑ ላይ ሲያስቀምጠው ቁጥሩን ቀድሜ ለማየት አጎነበስሁ። ደረቱ ላይ የበቀለውን ላባ በጣቱ ነካካና «ስቡ ወርዷል። ድኗል» አለ። እልልታዬ ጎረቤት ተሰማ።

ሐኪሙ ፎጣውን እያጠፈ ቀና ብሎ አየኝ። «እርስዎ ደግሞ ወፍረዋል፤ አማረብዎት» አለኝ።

እንዲህ ያለኝ የመጨረሻው ሰው ማን እንደነበር ላስታውስ ብል አቃተኝ።

«ምሳ ሳትበላ አትሄድም» አልሁትና ሦስት ሳህን አወጣሁ።