አያቶቿ ሲገባበዟት

እዚህ አሜሪካ ልጄ ሦስተኛ ክፍል እያለች አንድ ዓርብ ከትምህርት ቤት ቁመቷን የሚያህል ወፍራም ወረቀት ተሸክማ መጣች። ፕሮጀክት ነው። ቤተሰቧን፣ ጎሳዋንና የዘሯን አገር ጽፋ፣ ሰኞ ክፍሉ ፊት ቆማ ልታስተዋውቅ። አስተማሪዋ ቀላል ነገር መስሏት ነው፤ እኔን አልጠየቀችኝ!

ባሌ ካሲ ከሚባል ሕዝብ ነው። "ህንድ" ብቻ ሲሉት ደስ አይለውም። አገሩ በሰሜን ምሥራቅ ህንድ፣ ዝናብ የማያባራበት ተራራ ላይ ነው። እዚያ ቤት የምትወርሰው የመጨረሻዋ ሴት ልጅ ናት፤ ልጅም የሚቆጠረው በእናቱ ጎሳ ነው። እኔ ደግሞ የደሴ ልጅ ነኝ፤ እኛ ዘንድ ልጅ የሚጠራው በአባቱ ነው። ስንጋባ ይሄ ነገር ያስቀን ነበር።

እሁድ ጠዋት ባሌ እዚሁ ቅርብ አሌክሳንድሪያ ከተማ ሥራ ገብቷል። እኔን ልታርስ መጥታ በዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታችን የቀረችው እናቴ ሶፋው ላይ ናት። "ምን ያስቸግራል? ልጅ የአባቷ ናት፤ የነሱን ትጻፍ" አለች። እሺ ብዬ በስካይፕ ለአማቴ፣ ለባሌ እናት፣ ደወልኩ። አማቴ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ በእንግሊዝኛ ነው የምንግባባው።

ሳቁብኝ። "ልጅ የእናቷ ናት። እንወዳታለን እንጂ የኛ ጎሳ አይደለችም። የናንተን ትጻፍ፤ እናትሽን እንዳናስቀይም።"

ለእናቴ ተረጎምኩላት። "ኧረ በፍጹም! ነውር ነው፤ የሳቸው ናት በያቸው" አለች። ነገርኳቸው። "ኧረ የናንተው ናት!" ትሪ ላይ እንደቀረች የመጨረሻ ሥጋ "አንቺ ብይ፣ አንቺ ብይ" ይባባሉባታል። ሁለቱም ጨዋ ነን ብለው እኮ ነው! ደሜ ፈላ።

ልጄ አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ ሶፋውን አየች። "ሶ፣ የማንም አይደለሁም ማለት ነው?" አለችኝ በእንግሊዝኛ።

ወደ እናቴ ዞሬ ዋሸሁ። "'የኛ ናት፣ ለማንም አንሰጥም' አሉ።"

እናቴ ከሶፋው ብድግ! "እንዴት እንዴት! ወላሂ ዓይኔ እያየ? ሆዷን ሲቆርጣት እያሸሁ ያደርኩት እኔ! አዝዬ ያሳደግኳት እኔ! የኔ ናት በያቸው!"

አማቴ ደነገጡ። "እናትሽ ምን ሆኑ?"

"'አዝዬ ያሳደግኳት የኔ ናት' እያለች ነው" አልኳቸው። ይሄኛው እውነት ነው።

ሳቃቸው ጠፋ። መነጽራቸውን አወለቁ። "እኔ አንድ ቀን እንኳ አላዘልኳትም" አሉ። ቀጥለውም፣ "ጎሳዬን ልሰጣት አልችልም። ግን እኔንም ትጻፈኝ። የአባት እናት እኛ ጋ ሜይኻ ትባላለች፤ ሜይኻ ብላ ትጻፈኝ" አሉ።

ልጄ ግን እንግሊዝኛውንም አማርኛውንም ትሰማለች። ጠጋ አለችኝና በሹክሹክታ፣ "ማሚ፣ ቅድም ሜይኻ እንደሱ አላለችም እኮ" አለችኝ።

"አውቃለሁ" አልኳት። "ዝም ብለሽ ጻፊ።"