ለሁለት ጊኒ ፒጎች የሚሆን ጥግ

ውቢት ሜትሩን ለሦስተኛ ጊዜ ዘረጋች። ሳንዲ ስፕሪንግስ ከተማ ባለው ባለ አንድ መኝታ አፓርታማቸው የቀረው ጥግ አንድ ብቻ ነው። ትንንሽ ጥንቸል የሚመስሉት የጊኒ ፒጎቹ የሽቦ ቤት እዚያው ከቀረ በሚቀጥለው ወር ለሚወለደው ሕፃን አልጋ ቦታ የለም። የእንስሳት መጠለያው ሠራተኛ ስልኩ ላይ ሆና መልስ ትጠብቃለች፦ የምትወስዷቸው ለዘለቄታው ነው ወይስ ለሦስት ሳምንት?

"ማሚ፣ ፕሊስ ለዘለቄታው በያት!" አለች የሰባት ዓመት ልጇ ሀሌሉያ።

ውቢት ስልኩን በመዳፏ ሸፈነች። "የኔ እናት፣ በአደራ እንቀበላቸው። አደራ የሰው ነው፤ ተንከባክበሽ ትመልሻለሽ።"

"ስመልስ አለቅሳለሁ።"

"እኔም አለቅሳለሁ። ግን አልጋውን የት ላድርገው?"

ሀሌሉያ የእናቷን ሆድ አየች፤ ጥጉንም አየች።

"ኦኬ። ግን ስም አላወጣላቸውም። ስም ካወጣሁ አልመልስም።"

ውቢት መዳፏን አነሳችና "ለሦስት ሳምንት" አለች።