ሳሙና የምታክለው ሳጥንና የእህቴ ካሴት

ጎባ ያሉት አዛውንት ሬዲዮ ጠጋኝ ስለ ድምፅ ጥራት ስጠይቃቸው ሳቁብኝ። «መጀመሪያ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ጠይቅ። ድምፁን ኋላ ትደርስበታለህ» አሉኝ። እውነት አላቸው ብዬ ምክራቸውን ይዤ ሄድኩ። ያ ምክር እቤቴ ምን እንደሚያስገባ በምን አውቄ!

የኮምባይነር መካኒክ ነኝ። ከሮቤ እስከ ጎሮ ባለው የስንዴ ማሳ ላይ ሞተር ሲያጓራብኝ ውዬ ቤት ስገባ ሰው እንዲያናግረኝ አልወድም፤ የምፈልገው ዘፈን ነው። የተዘጋ ሻይ ቤት ዕቃውን ሲሸጥ የገዛኋቸው አንድ ከባድ አምፕሊፋየርና ሁለት የእንጨት ስፒከሮች አሉኝ። የጎደለኝ ከሃርድ ዲስክና ከኢንተርኔት ሙዚቃ ወስዶ ለአምፕሊፋየሩ የሚያቀብል ዕቃ ነበር። ስትሪመር ይሉታል።

ለመለዋወጫ አዲስ አበባ በሄድኩ ጊዜ ሦስት ዓይነት አየሁ። አንደኛው ርካሽ ነው፤ ግን በስልክ ብሉቱዝ ብቻ ነው የሚሠራው። ስልክ ሲደወል ዘፈኑ ይቋረጣል፣ ስልኩን ይዤ ጓሮ ስወጣ ዘፈኑም ተከትሎኝ ይወጣል። ሁለተኛው ስክሪን ያለው፣ ዓይን የሚገባ ዕቃ ነው፤ ኢንተርኔት ከሌለ ግን አልነሳም ይላል። ያ ሰሞን በእኛ በኩል ኢንተርኔት ሳምንት ጠፍቶ አንድ ቀን የሚመጣ ነገር ነበር። ለጌጥ ከሆነማ የአበባ ማስቀመጫ እገዛ ነበር።

ሦስተኛው ሳሙና የሚያክል ጥቁር ሳጥን ነው። ስክሪን የለው፣ መልክ የለው፤ ዋጋው ያማረውን ሲሶ አይሞላም። በኬብል ከራውተሩ ጋር ይገናኛል፤ ራውተሩ ላይ በሰካሁት ሃርድ ዲስክ ያለውን ሁሉ ያለ ኢንተርኔት ያጫውታል። «መብራት ጠፍቶ ሲመጣስ?» አልኩት ሻጩን። «ራሱ ተነስቶ ከመጀመሪያው ፎልደር ይጀምራል። አንተ መንካት የለብህም» አለኝ። ደስ ብሎኝ ገዛሁት።

ሳጥኗን ስገዛ ግን ያሰብኩት ለዘፈን ብቻ አልነበረም። ለእናቴ ቃል ገብቼ ነበር። እናታችንን አዮ ነው የምንላት። አዮ ቁም ሣጥኗ ውስጥ በነጠላ የጠቀለለቻቸው ሰባት ካሴቶች አሏት፤ የታላቅ እህቴ ድምፅ ያለባቸው።

እህቴ መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው ለሥራ ጂዳ የሄደችው። ያኔ ስልክ በቀጠሮ ነው፤ ደብዳቤ ደግሞ አዮ አታነብም። ስለዚህ እንደ አገሩ ሰው ሁሉ በካሴት እየተናገረች በተጓዥ እጅ ትልክ ነበር። የባሌ ሰላምታ ደግሞ በአንድ ቃል አያልቅም። የሰው፣ የከብት፣ የዝናብ፣ የጎረቤት ደህንነት በየተራ ይጠየቃል። እህቴ እያንዳንዱን ጠይቃ ዝም ትላለች፤ እዚህ ያለው ሰው እንዲመልስላት። ከዚያ የሰማች ይመስል «እሺ» ብላ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ሁሉም ሰው እንዲህ ነበር የሚያደርገው። መልስ የማይጠብቅ ካሴት ልኮ «ግድግዳ ነው እንዴ የሚያናግረው?» ተብሎ የታማ ሰው አውቃለሁ።

ሰባተኛው ካሴት መጨረሻ ላይ ድምፁ ዝቅ ይላል። «አዮ፣ ደከመኝ። ልምጣ?» ትላለች። ረጅም ዝምታ። ከዚያ፣ «እሺ።» ካሴቱ እዚያ ላይ ያልቃል።

መልሳችንን ቀድተን ላክን። ከዚያ በኋላ ግን ከእሷ ምንም አልመጣም። ከጂዳ የተመለሱ ሰዎች አንዱ ቤት ቀይራለች፣ ሌላው ከተማ ቀይራለች አለን፤ በዓይኑ ያያት የለም። ዓመታት ሲያልፉ የሰፈሩ ሽማግሌዎች መጥተው የሩቅ ሟች ሶላት እንዲሰገድላትና ሰደቃ እንዲወጣላት አዮን መከሯት። «ሰላም ለምትለኝ ልጅ ሰደቃ አላወጣም» አለቻቸው። ደግመው አልመጡም። ቆይቶ ቴፓችን ተበላሸ፤ አዮም የልጇን ድምፅ ሳትሰማ ስንት ዘመን ኖረች። ይኼን ነው እመልስልሻለሁ ያልኳት።

ከጓደኛዬ ቴፕ ተውሼ ካሴቶቹን ወደ ኮምፒውተር ቀዳሁ። የምቀዳበት ፕሮግራም ዝምታውን እየለየ የሚቆርጥ ቁልፍ አለው። ባዶ ነገር ምን ያደርጋል ብዬ ተጫንኩት። ኮምባይነር ገለባውን ወደ ኋላ ተፍቶ ስንዴውን እንደሚያስቀር፣ የእህቴን ድምፅ አበጥሬ አስቀመጥኩ። ደስ ስላለኝም በድሮው ላይ ሴቭ አደረግኩት። ያን ዕለት የተውሶው ቴፕ ሰባተኛውን ካሴት በላው፤ ክሩን እንደ ገመድ እየጎተትኩ አወጣሁት። ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል ብዬ ሰባቱንም ካሴቶች ወደ ቆሻሻ ጣልኳቸው። የእኔ ነገር! አሁንም ሳስበው እጄን ልነክስ ይቃጣኛል።

ሃርድ ዲስኩ ላይ የእህቴ ፎልደር «አዮ» በሚል ስም ከዘፈኖቹ በፊት ተቀመጠ። ሰባተኛውን ፊት አድርጌዋለሁ፤ እንዴት መክፈት እንደሚቻል አመሻሽ ላይ ላሳያት አስቤ ሥራ ሄድኩ።

መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከተራራው ወርዶ መንገዱን ስለሸፈነው ሥራ አቁሜ ተመለስኩ። የግቢያችን በር ላይ ስደርስ ከቤት ውስጥ የሁለት ሴቶች ድምፅ ሰማሁ። አንደኛዋ አዮ ናት። ሁለተኛዋ ጎረቤት መሰለችኝ። እዚያ ጉም ውስጥ ቆሜ የገዛ እህቴን አወቅኳት።

መብራት መጥቶ ነበር። ሳጥኗም እንደተባለው ራሷ ተነስታለች።

ስገባ አዮ ሳሎኑ መሀል ቆማለች፤ እጇ ወደ ስፒከሩ ተዘርግቷል። እህቴ «አካም ጂርታ አዮ፣ ነጋአ? ከብቱስ? ዝናቡስ?» ትላለች፤ ሰላምታውን በኦሮምኛ ጀምራ ወሬውን በአማርኛ መጨረስ ልማዷ ነው። ግን ትንፋሽ የላትም። አዮ «አልሃምዱ...» ስትል እህቴ ሌላው ጥያቄ ላይ ናት። አዮ አፏን ትከፍታለች፣ ትቀደማለች። እንደገና ትከፍታለች፣ ትቀደማለች። በመጨረሻ ያ ድምፅ በአንድ ትንፋሽ «ደከመኝ ልምጣ እሺ» ብሎ ጸጥ አለ። ቀጥሎ ዘፈን ጀመረ። ሮጬ አጠፋሁት።

«ምን አደረግናት?» አለች አዮ። «ድሮ ትጠብቀኝ ነበር። አሁን ራሷ ትጠይቃለች፣ ራሷ ትመልሳለች።»

«ማሽኑ ነው፣ አዮ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

«አይደለም። ተቆጥታለች።»

ከዚያ ወዲያ መብራት በመጣ ቁጥር እህቴ ትመጣለች። በሮቤ ደግሞ መብራት በቀን ስንቴ ይሄዳል፣ ስንቴ ይመጣል። የፎልደሩን ስም ቀይሬ ወደ መጨረሻ ገፋሁት፤ አዮ አወቀችብኝና «አሁን ደግሞ ከቤት ልታስወጣት ነው?» አለችኝ፤ መለስኩት። መብራት ሲጠፋ ስፒከሩ ፊት ተቀምጣ ትጠብቃለች። ምግብ አቀርብላታለሁ፤ ሳትነካው ይቀዘቅዛል። ከተቆጣች ልጅ ፊት አይበላም ትለኛለች። አንድ ቀን ወንፊት ልትዋስ የመጣች ጎረቤታችን ደጃፉ ላይ እንዳለች ድምፁ ተነሳ። «አዑዙ ቢላህ!» ብላ ጫማዋን በእጇ ይዛ ሄደች። ወንፊቱንም ሌላ ቤት ተዋሰች።

እኔም ፈራሁ፤ አልዋሽም። በዚያ ጥሩ ስፒከር የእህቴ ድምፅ ከበፊቱ ይልቅ ቅርብ ነው፤ ከንፈሯ ሲላቀቅ ሁሉ ይሰማል። በየሁለቱ ቃል መካከል ደግሞ አየሩ ይቆረጣል፤ ክፍሉ ውስጥ ያለ አንድ ሰው ድንገት ትንፋሹን እንደያዘ ያለ ነገር። ጎባ ሄጄ ለአዛውንቱ ነገርኳቸው።

«ዝምታውን ቆረጥኩት» አልኳቸው። «ባዶ ነው ብዬ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ካሴት ላይ ባዶ የሚባል የለም። አንተ ባዶ ያልከው ክፍሉን ነው፤ እሷ የተቀመጠችበትን ክፍል።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?»

«መናገር ሳትጀምር በፊት የተቀዳ ነገር ካለ እሱን ፈልግ። ትንሽም ቢሆን እያባዛህ በየቦታው መልስላት።»

አገኘሁት። ሰባተኛው መጀመሪያ ላይ፣ ቴፑን ከፍታ አፏን ከመክፈቷ በፊት፣ ጥቂት ሰከንድ አለ፤ ፕሮግራሙ ለምን እንደማረው መጀመሪያ አላወቅኩም። በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው የማቀዝቀዣ ማሽን ይጮኻል፤ ከዚያ ከሩቅ አንድ በር ይዘጋል። ለምን እንደማረውም ያኔ ገባኝ፤ በሩ ነው ያዳነው። በሩን ቆርጬ ላወጣው ሞከርኩ፤ ስቆርጠው ዝምታው ያጥራል። እንዳለ ተውኩትና በየጥያቄው ኋላ አስገባሁት። የእያንዳንዱ ርዝመት ግን ጠፍቶብኛል። የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።

አዮን አጠገቤ አስቀምጬ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አሰማኋት፤ እሷ ትመልሳለች፣ እኔ በሰዓት እለካለሁ። «ነጋአ፣ ገለተ ረቢ» ትላለች፤ ደህና ነን፣ ለፈጣሪ ምስጋና ማለቷ ነው። «ላሟ ወለደች፤ ጥጃዋ ያንቺ ናት» ትላለች። ያቺ ላም ከሞተች ዘመን አልፏል። ሰከንዱን እጽፋለሁ።

የመጨረሻው ላይ ደረስን። «ልምጣ?»

አዮ ወደ እኔ ዞረች። እኔም ሰዓቱን አስቀመጥኩት፤ ያኔ ምን እንደመለስን አውቃለሁ። ያን የመልስ ካሴት የቀዳሁት እኔ ነኝ። ቀዩን ቁልፍ ተጭኜ አዮ ልትናገር ስትል ዞር ብላ አየችኝ፤ በዓይኗ ጠየቀችኝ። እህቴ በምትልከው ገንዘብ ኮምባይነር እየተማርኩ ነበር፤ አንድ ዓመት ቀርቶኛል። ድምፄ እንዳይቀዳ ብዬ አንድ ጣቴን አነሳሁ። አዮም ወደ ቴፑ ዞራ «አንድ ዓመት ታገሺ፣ ልጄ» አለች። ካሴቱ ላይ የእኔ ድምፅ የለም። ሃያ ዓመት ያህል ጥፋቱን እናቴ ለብቻዋ ተሸክማዋለች፤ አንድም ቀን ጣትህ አላለችኝም።

«አዮ፣ ስንት ልተውልሽ?» አልኳት።

«ኮቱ» አለች። ነይ ማለት ነው። «እዚች ጋ ሁልጊዜ ኮቱ ነው የምላት። ቴፑ ሲበላሽም በልቤ እላታለሁ። እሷም እሺ ትለኛለች። አንተ ቦታውን ወሰድክብኝ።»

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። አንድ ቃል አጭር ነው፤ እኔ ግን አስር ሰከንድ ተውኩላት።

ከዚያ ወዲህ አዮ ምግቧን መብላት ጀመረች። መብራት ሲመጣ እህቴ ትጠይቃለች፣ አዮ ትመልሳለች፣ በየመካከሉ ጂዳ ያለው በር ይዘጋል። «ከእሷ ጋር ሌላ ሰው አለ፤ ይወጣል ይገባል» ትለኛለች አዮ። እኔ ነኝ ያስገባሁት ልላት አልደፈርኩም። እነዚያ አስር ሰከንዶች ሲደርሱ ግን እኔ ሁልጊዜ ውጭ ነኝ። ወይ እንጨት አለ፣ ወይ ውሻውን ማየት አለ፤ ምክንያት አላጣም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አዮ ለቅሶ ቤት ሄዳ ብቻዬን ነበርኩ። ጉሙ መስኮቱ ድረስ መጥቷል። እጄ ግሪስ ስለነበር በጨርቅ እየጠረግኩ ሳለ አምፖሉ በራ፤ የሳጥኗም አረንጓዴ መብራት በራ። መውጣት ነበረብኝ። አልወጣሁም።

ሰላምታዋን ሁሉ ጠየቀች። ማንም አልመለሰላትም። በሩ ይዘጋል፣ እሺ ትላለች፤ በሩ ይዘጋል፣ እሺ ትላለች። እዚያ ባዶ ቤት ውስጥ፣ ማን እየመለሰላት እሺ እንደምትል አሰብኩ። ገመዱን ልነቅለው እጄን ስዘረጋ «አዮ፣ ደከመኝ» አለች። ጣቶቼን አየኋቸው።

«ልምጣ?»

ማቀዝቀዣው ይጮኻል። የእሷ ክፍል ሙሉውን እኛ ቤት ገብቶ ይጠብቃል።

«ኮቱ» አልኩ፤ ጮክ ብዬ። «ኮቱ፣ እህቴ። ዛሬውኑ።»

ከሩቅ በሩ ተዘጋ።

«እሺ» አለች።

ሳጥኗን አጠፋሁ። ወጥቼ የግቢውን በር መቀርቀሪያ አነሳሁና በሩን እስከ ጥጉ ከፈትኩት። ጉሙ ውስጥ መንገዱ አይታይም ነበር። አዮ አመሻሽ ላይ ስትመለስ ክፍቱን አገኘችው። ማን እንደከፈተው አልጠየቀችኝም፤ እሷም አልዘጋችውም።