የሰርቨሩ ፓስወርድ ርክክብ

ጀጎል፣ ፈላና በር አጠገብ የምሠራበት መሥሪያ ቤት አዲስ ኃላፊ ከሌላ ክልል ተመድቦ መጣ። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ ከኋላው ግን “እሱ” ማለቱም ይበዛበታል። በመጣ በሳምንቱ ጠራኝና “የቤቱን ቁልፍ ሁሉ ተረክቤአለሁ፤ የቀረኝ የሰርቨሩ ነው” አለኝ።

ሰርቨሩን የምጠብቀው እኔ ነኝ። በፓስወርዱ የሚገባው “ሩት” (root) የሚባል ባለሙሉ ሥልጣን ተጠቃሚ የማይከፍተው፣ የማያጠፋው ፋይል የለም። ስለዚህ እኔ ራሴ እንኳ በየቀኑ የምገባው ፈቃዱ በተወሰነ ሌላ ስም ነው። ይህን በትሕትና አስረዳሁትና ለእሱም እንዲህ ዓይነት ስም እንደከፈትኩለት ነገርኩት።

“ጸሐፊዋ እንደምትገባበት ያለ?”

“ከሷ ትንሽ ሰፋ ይላል።”

“ታዲያ እኔና ጸሐፊዬ እኩል ልንሆን ነው?”

እንዲህ ያለ ሹም ሥራ ቢያበላሽ አያፍርም፤ የሚያፍረው የማይከፍተው በር ሲያገኝ ነው። ንብረት ክፍል ቅጽ አመጣ። ከወንበርና ከወረቀት መብሻ ቀጥሎ “የሰርቨር ፓስወርድ፣ ብዛት አንድ” ተብሎ ተመዘገበ፤ ፓስወርዱም ፊደል በፊደል ተጻፈ። “ያለበት ሁኔታ” በሚለው ዓምድ ሥር “መልካም” አሉት። በሦስት ቅጂ ክብ ማኅተም ተመታበት። ሹመት ያዳብር ብዬ ፈርሜ አስረከብኩና ሳቄን አፍኜ ወጣሁ።

ብዙም ሳይቆይ በኔትወርኩ የሚያልፈውን መልእክት ጠልፎ የሚያሳይ ፕሮግራም እንዳለ ከአንዱ ሰማ። ፕሮግራሙ የሚሠራው በሩት ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱ ደግሞ በማኅተም እጁ ገብቷል። አጠቃቀሙን እንዳሳየው አዘዘኝ። “ኔትወርኩ ለምን እንደሚንቀራፈፍ ለማየት ነው” አለ። ውሸቱን አውቄዋለሁ። የቢሯችን የውስጥ መልእክት ሳይመሰጠር እንደሚያልፍም አውቃለሁ። ቢሆንም አሳየሁት።

መዝገብ ቤት አንዲት የጀጎል ሴት ነበሩ፤ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው። ኃላፊው የወንድሙን ልጅ ያለ ውድድር ቀጠረ ብለው ለበላይ አካል በቢሮው ኢሜይል አቤቱታ ላኩ። እሱ ግን በሁለተኛው ቀን፣ ሁላችን በተሰበሰብንበት፣ ቃል በቃል አነበበባቸው። የመዝገብ ቤቱን ወንበር ነጥቆ ሐኪም በሚባለው ጋራ ላይ ወዳለው መጋዘን አዛወራቸው። ዳገቱን በዚያ ጉልበታቸው ይወጡት ጀመር። ማን አሳበቀባቸው ሲባል ቢሮው በጸሐፊዋ ፈረደ። እኔ ባሳየሁት ፕሮግራም እንደጠለፈው እያወቅኩ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ከሳምንት በኋላ እኚያ ሴት ስልካቸውን ይዘው ወደ እኔ መጡ።

“ልጄ፣ ይቺን ሰው እንዳይገባባት ዝጋልኝ። ወላሂ፣ እዚህ ቤት ካንተ በቀር የማምነው የለኝም።”

ኃላፊውን ከናቅኩት የበለጠ ራሴን ናቅኩ። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን “እሺ፣ አራት ቁጥር ይምረጡ” የሚል ነበር። ሲያስገቡ እንዳላይ ፊቴን አዞርኩ።

“ምን ያዞርሃል?” አሉኝ፤ “እይ እንጂ። ብረሳው የምጠይቀው አንተን አይደል?”